ቅኝትን ለማሽን ማስረዳት



የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች መመሪያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲጻፍ የቆየው ለሰው ነው። መመሪያው ቢያጥርም ቢሳሳትም አንባቢው ጆሮ ስላለው፣ ቁልፉን ተጭኖና ድምፁን ሰምቶ ያልጣመውን መልሶ ያርማል። ዛሬ ግን ሌላ ዓይነት አንባቢ መጥቷል፤ ይኸውም የሰውን ትእዛዝ ተቀብሎ በፕሮግራሙ ውስጥ ሥራውን ራሱ የሚያከናውነው፣ ኤጀንት የሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ባወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል በተሰኘው ሥርዓት መሠረት፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ለኤጀንቱ የሚቀርበው በስሙ፣ ስለ ተግባሩ በተጻፈ አጭር መግለጫና በሚቀበላቸው እሴቶች ዝርዝር ነው። ኤጀንቱ ከሥልጠናው ያገኘው ጠቅላላ ዕውቀት ቢኖረውም፣ ያ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው በዋናነት ይኸው መግለጫ ነው።

ነገሩ ለወሎ ሙዚቃ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ ባለችው በግራና አንድ የማሲንቆ ተጫዋች አምባሰልን ተጫውቶ በኮምፒውተር ተቀዳ እንበል። ሐብሩ ከአምባሰል ጋር ይዋሰናል፤ ለተጫዋቹ ቅኝቱ የጎረቤት አገር ስም ነው። ቅጂው ለኤጀንቱ ተሰጥቶ «አጽዳው» ቢባል፣ ኤጀንቱ «የድምፅ ከፍታን ያስተካክላል» የሚል መግለጫ ያለውን መሣሪያ ያገኛል። ከዚህ በላይ የተጻፈ የለም። መሣሪያው ግን የሚሠራው እያንዳንዱን ድምፅ ከፒያኖው 12 እኩል እርከኖች ወደ ቅርቡ እየሳበ ነው። የተጫዋቹ ጣት ሆን ብሎ ዝቅ ወይም ከፍ ያደረገው ሁሉ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ይታረማል፤ ኤጀንቱም ሥራው በሚገባ መጠናቀቁን ያስታውቃል። የተበላሸው ነገር የተስተካከለ መስሎ ይወጣል፤ ዋናው ቅጂ ተለይቶ ካልተቀመጠም መመለሻ የለውም።

አንዳንድ ባለሙያዎች የየቅኝቱን ድምፆች ዘርዝሮ መስጠት ይበቃል ይሉ ይሆናል። አይበቃም። ትዝታ ማይነር ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አምባሰል ደግሞ ከሶል ሲነሣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት ይሆናል፤ እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው። ከላ የሚነሣው ባቲ ማይነርም ከዶ ከሚነሣው ትዝታ ሜጀር ጋር በዝርዝር አይለይም። የሚለያያቸው ዜማው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍና የትኛው ድምፅ እንደሚዘወተር ነው። ክራር ቃኚው ይህን ከአስተማሪው ጣት ያገኘዋል። መግለጫ ጸሐፊው ግን የማረፊያውን ድምፅ እንደ ግዴታ እሴት ካላስቀመጠው፣ ኤጀንቱ አምባሰልን ትዝታ ብሎ ቢያቀናብር የሚከለክለው ነገር አይኖርም።

ችግሩ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ትውፊት በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው የዜማ ምልክት፣ ይዘቱም ደረቱም ርክርኩም፣ ከመምህር አፍ የሰማ ደቀ መዝሙር እንዲያስታውስበት የተዘጋጀ ነው። መምህር የሌለው ሰው ምልክቱን ብቻ አይቶ ዜማውን አያወጣም። ብዙዎቹ የፕሮግራም መመሪያዎችም እንዲሁ ለሰማ ሰው ማስታወሻ እንጂ ላልሰማ ማስተማሪያ አይደሉም።

ጥቃቅኑም ነገር ሊናቅ አይገባም። ቅኝትን ለኮምፒውተር ለመንገር ከሚያገለግሉት አንዱ ስካላ የተባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ አብልተን ላይቭም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 12ኛ እትሙ ተቀብሎታል። አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ ርቀት በሴንት ሲጻፍ ቁጥሩ ነጥብ ሊኖረው ግድ ነው። የሶል ርቀት 700.0 ተብሎ ቢጻፍ በትክክል ይነበባል፤ ነጥቡ ቀርቶ 700 ቢባል ግን የ700 ለ1 ንጽጽር ይሆንና ድምፁ ከ9 ኦክታቭ በላይ ያሻቅባል። ሰው ቢሆን ወዲያው ጆሮውን ይደፍናል። ኤጀንቱ ግን የሚያየው ያለ እንከን የተቀመጠ ፋይል ነው።

ስለዚህ መግለጫውን ፕሮግራም አዋቂው ብቻውን እንዲጽፈው መተው አይገባም፤ ቅኝት የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ሊቀመጥ ያስፈልጋል። ሥራው የሚመስለውን ያህል ረጅም አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው «የድምፅ ከፍታን ያስተካክላል» በሚለው ፈንታ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦ «ይህ መሣሪያ እያንዳንዱን ድምፅ ከ12ቱ እኩል እርከኖች ወደ ቅርቡ ይስባል። በማሲንቆ፣ በክራር፣ በዋሽንትና በሰው ድምፅ ቅጂ ላይ ባለሙያው ካልፈቀደ አይሠራበትም። ዋናው ቅጂ ሳይነካ በሌላ ስም ይቀመጥ። ከ20 ሴንት በላይ የተንቀሳቀሱት ድምፆች ተዘርዝረው ለተጫዋቹ ይቅረቡ።»