ብልጭታውና ነጎድጓዱ



ለክረምት ዕረፍት ወደ ሉማሜ በተመለስን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ራዲዮናቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ «ልጆቼ፤ ይህ ድምፅ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ነፋስ አይበትነውምን?» ብለው ጠየቁን። እኛም እንደ ተማረ ሰው «አባታችን፤ ሞገድ ነውና አይበትነውም» ብለን መለስን። ኋላ ግን አፈርን። ድምፅም ሞገድ ነው፤ ነፋስም ይወስደዋል።

ድምፅ ማለት የአየር መገፋፋት ነው። በቡሄ ሰሞን ከማዶ ጅራፍ የሚያጮኸውን ልጅ የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል፤ ክንዱ ሲወርድ ይታያል፤ ጩኸቱ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። አየር አየርን እየገፋ የሚሄደው በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነውና። የሚገፋ ነገር ከሌለ ድምፅ የለም፤ ውሃ ከሌለም የውሃ ሞገድ የለም።

ብርሃንና የራዲዮ ሞገድ ግን የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ከዚህ ይለያሉ። የሚወዛወዘው አየር ሳይሆን የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ነው፤ አንዱ ሲለዋወጥ ሌላውን እየወለደ ባዶውን ሕዋ ያቋርጣል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማክስዌል የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ ይህን እ.ኤ.አ. በ1865 በሒሳብ አሳየ፤ ጀርመናዊው ሄርትዝ ደግሞ ከሃያ ጥቂት ዓመታት በኋላ በሙከራ አረጋገጠ። ሌላም ልዩነት አለ፤ ድምፅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከአየር ይልቅ ይፈጥናል፤ ብርሃን ግን ይዘገያል።

እስኪ እናስላው። ከአዲስ አበባ እስከ ሉማሜ በቀጥታ ቢለካ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድምፅ በመንገድ ሳይጠፋ ቢጓዝ 8 ደቂቃ ያህል በፈጀበት ነበር። በዚያው 8 ደቂቃ ግድም የፀሐይ ብርሃን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አቋርጦ ጮቄ ተራራ ላይ ያርፋል። በመካከል የሚያዘገይ መሣሪያ ካልገባ፣ የሉማሜው አድማጭ የተናጋሪውን ቃል የሚሰማው በዚያው ክፍል ፊት ለፊቱ ከተቀመጠው ሰው ቀድሞ ነው! የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ፣ ከራዲዮኑ እስከ ጆሮ፣ ድምፅ ይጓዛታል።

ይህን አስተካክለን ብንነግራቸው ሽማግሌው አልለቀቁንም። «እንግዲያ ሰማይ ብልጭ ሲል ስለምን እንደ ቆሎ ይንጣጣል?» አሉን። ጥያቄያቸው ከእኛ ትምህርት የበለጠ ነበር። መብረቅ ብርሃንንም፣ የራዲዮ ሞገድንም፣ ድምፅንም ባንድ ጊዜ ይልካል። በመካከለኛ ሞገድ የተከፈተ ራዲዮ ከብልጭታው ጋር እኩል ይንጣጣል፤ ነጎድጓዱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ያ መዘግየት ለእረኛና ለገበሬ ሕይወት ነው። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ሰከንድ ይቁጠር፤ ለየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ከ30 ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ሞፈሩን ትቶ ቤት መግባት ይገባል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድም በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት። ዝናቡን ሸሽቶ ከብቸኛ ዛፍ ሥር መጠጋት፣ እኛም በልጅነታችን እንዳደረግነው፣ ወደ መብረቁ መጠጋት ነው።