ለተመልካች የተተወ ስፍራ፦ «የቻርሊ ብራውን ገና» እና የአድናቆት ምንጭ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ተመልካች አንድን ሥራ የሚወደው በውስጡ ስላገኘው ነገር ብቻ ነውን? ወይስ ደራሲው ሆን ብሎ ስለተወለት ባዶ ስፍራም ጭምር? ለማሳያነት የመረጥኩት በአሜሪካ የተሠራውን «የቻርሊ ብራውን ገና» የተሰኘ አጭር የአኒሜሽን ፊልም ነው።

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1965 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ነበር። ደራሲው «ፒናትስ» የተባለው የጋዜጣ ካርቱን ፈጣሪ ቻርልስ ሹልዝ፣ ዳይሬክተሩ ቢል ሜሌንዴዝ፣ ፕሮዲውሰሩ ሊ ሜንደልሰን ናቸው፤ የጃዝ ሙዚቃው የቪንስ ጓራልዲ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። በዓሉ ቢቃረብም የሕፃኑ የቻርሊ ብራውን ልብ አልደሰት ይለዋል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ስለ ስጦታና ስለ ጌጥ ያስባል፤ ውሻው እንኳ ቤቱን አስጊጦ ሽልማት ለማግኘት ይሯሯጣል። ቻርሊ ለገና ድራማቸው ዛፍ እንዲገዛ ሲላክ፣ የሚያብረቀርቁትን የአሉሚኒየም ዛፎች ትቶ አንዲት ቀጫጫ ችግኝ ይዞ ይመለሳል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። በምሬት የገናን ትርጉም የሚያውቅ ሰው እንዳለ ሲጠይቅ፣ ብርድ ልብሱን ከእጁ የማይለየው ላይነስ ወደ መድረኩ መካከል ይወጣና መብራት እንዲበራለት ይጠይቃል። ከዚያም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከቁጥር 8 እስከ 14 ያለውን የእረኞቹንና የመላእክቱን ታሪክ በቃሉ ያነበንባል።

የጣቢያው ኃላፊዎች ፊልሙን አስቀድመው ባዩት ጊዜ አልወደዱትም። አካሄዱ ዘገምተኛ ሆነባቸው፤ ጃዙም ለሕፃናት የገና ዝግጅት የሚስማማ አልመሰላቸውም። ሜሌንዴዝ ራሱ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ በካርቱን ውስጥ መግባቱ አሥግቶት ነበር፤ ሹልዝ ግን በአቋሙ ጸና። በዘመኑ የተለመደውን የተቀዳ ሳቅም አልቀበልም አለ። ሆኖም በዚያ ምሽት በሰዓቱ ከተከፈቱት ቴሌቪዥኖች ግማሽ ያህሉ ይህንኑ ፊልም ያሳዩ ነበር። ፊልሙ የኤሚና የፒቦዲ ሽልማቶችን አገኘ፤ ለአሥርት ዓመታትም በየዓመቱ ሲታይ ኖረ።

ኃላፊዎቹ ሞኞች አልነበሩም። የፈረዱት አንድ የሕፃናት ዝግጅት ሊኖረው ይገባል ብለው በሚያምኑት ዝርዝር ነው፤ ፍጥነት፣ ሳቅ፣ የሠለጠነ ድምፅ። በዚያ ሚዛን ፊልሙ በእርግጥ ጎደሎ ነው። ተመልካቹ ግን በጎደለው ስፍራ ራሱ ገባበት። መቼ እንደሚስቅ የሚነግረው ስለሌለ በራሱ ጊዜ ሳቀ። ላይነስ ሲያነበንብም ከበስተጀርባ ስሜትን የሚቀሰቅስ ዜማ የለም፤ የሚሰማው የሕፃን ድምፅ ብቻ ነው። ሕፃኑ ያነበንባል እንጂ አይሰብክም። ሃይማኖቱን የማይጋራ ተመልካች እንኳ ሳይገፈተር እንዲያደምጥ ያስቻለው ይህ ይመስለኛል።

አንድ ማስረጃ ልጨምር። ላይነስ መልአኩ እረኞቹን እንዳይፈሩ ወደሚነግርበት ቃል ሲደርስ ብርድ ልብሱን ከእጁ ይጥላል። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ፊልሙን ለሦስተኛ ጊዜ ሳይ ነው። ብዙዎች ትርጉሙ ግልጽ ነው ይላሉ፤ ፍርሃት በራቀበት መደገፊያ አያስፈልግም። ነገር ግን ንባቡን ሲጨርስ መልሶ ያነሣዋል። ይህን የዘለለ ትርጓሜ ገና ያልተሟላ ነው። ጥቂት ቆይቶም ጓደኛሞቹ በጌጡ ክብደት የጎበጠችውን ችግኝ ለማቃናት ሲሰበሰቡ፣ ላይነስ ያንኑ ብርድ ልብስ በግንዷ ሥር ይጠቀልልላታል። የፈራ ልጅ መደገፊያ ለደካማ ዛፍ ድጋፍ ሆነ። ይህን በፊልሙ ውስጥ የሚያብራራ አንድም ሰው የለም። የሚያገኘው ተመልሶ ያየ ተመልካች ነው፤ ያገኘውንም የራሱ አድርጎ ይወደዋል።

ፊልሙን ከነቀፌታ ነፃ ላደርገው አልሻም። የበዓልን ለንግድ መዋል የሚተች ሥራ ስፖንሰሩ ኮካ ኮላ መሆኑ ልንሸሸው የማይገባ ተቃርኖ ነው። ሆኖም ይህ ተቃርኖ ላይነስ የቆመበትን ጸጥታ አያፈርሰውም።

ጉዳዩ ከአንድ ካርቱን ያለፈ ነው። እኛ መምህራን የተማሪን ጽሑፍም ሆነ የጥበብ ሥራን የምንመዝነው ብዙ ጊዜ እንደዚያ ጣቢያ ኃላፊዎች ነው፤ ዝርዝር ይዘን የጎደለውን እንቆጥራለን። በአንድ ንባብም እንፈርዳለን። ሕፃን ዳዊትን በቃሉ ሲደግም እያደመጠ ባደገ ሕዝብ ዘንድ፣ ያልተብራራ ቃል ራሱን ችሎ ሊቆም እንደሚችል እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። እናንተ ተማሪዎችም ነገ አዘጋጅ፣ ሐያሲ ወይም መምህር ስትሆኑ፣ አንድ ሥራ ጎደሎ በመሰላችሁ ጊዜ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተመለሱበት። ጎደሎ ያላችሁት ለእናንተ የተተወ ስፍራ ሊሆን ይችላል።