የዓውደ ዓመት ጣጣና መድኃኒቱ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ተናገር የተባለ ተማሪ ሁሉ ስለ ትምህርት ጥቅም ይናገራል። እርሱን እናንተ ከእኔ ይልቅ ስለምታውቁት፥ እኔ የተማርሁትን ጥቂት ሳይንስ ይዤ ሕዝባችንን ከዓውደ ዓመት ጣጣ ለማዳን ያወጣሁትን ፕላን አቀርባለሁ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፤ እርሱ የኢኮኖሚክስ ክፍል ፋንታ ነው።

በመጀመሪያ የበጉ ነገር። በግ ገዝቶ ወደ ቤት መውሰድ ቀላል ነው የሚል ሰው ደሴን አያውቃትም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ሥር ስለ ተቀመጠች፥ መንገዷ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ዳገቱን በጉ አልወጣም ይላል፤ ቁልቁለቱን ደግሞ ገዢውን እየጎተተ ይወርዳል። ከኮምቦልቻ የተገዛውማ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ፥ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲጮህ ይመጣል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ እስከ ጦሳ ራስ ድረስ የብረት ገመድ ይዘርጋ፤ በጎቹም በሣጥን ተቀምጠው በአየር ይምጡ። ለበግ የቲኬቱ ዋጋ ግማሽ ይሁን፤ መመለሻ አያስፈልገውምና።

«ብላ እንጂ፥ በሞቴ!» ለሚባለው ጣጣ ደግሞ በእያንዳንዱ እንግዳ ሆድ ላይ እንደ መኪና ነዳጅ መለኪያ ያለ መርፌ ይተከል። አክስቶቻችን ግን መርፌው «ሙሉ» ቢልም «ተበላሽቷል» ብለው ማጉረሳቸውን እንደማይተዉ እፈራለሁ።

ከባዱ ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው። እኛ ወሎዬዎች የሁለቱንም ሃይማኖት በዓል አብረን እንውላለን። የእስልምናው ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል፤ ስለዚህም ዒድ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ነገር ግን ረመዳን አንድ ወር፥ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነውና፥ ዒድ ሲደርስ ለክርስቲያኑ ገና ሦስት ሳምንት ጾም ቀርቶት ነበር። እንግዲህ የዒዱን ሥጋ ማን ይብላ? ጎረቤቶቻችን ለእኛ ብለው ለብቻው ሽሮ ሠሩ። እንደ ሳይንስ ሰው መፍትሔው ግልጽ ነው፤ ከበጎቹ የተረፈውን ገመድ ወስደን ጨረቃን ሦስት ሳምንት ጦሳ ላይ ማሰር። ኢያሱ ወልደ ነዌ ያለ ገመድ አቁሟት የለም? ይህን ለእናቴ ብነግራት ግን፥ «ዒድና ፋሲካ አንድ ቀን ከዋሉ ማን ማን ቤት ሊሄድ ነው?» አለችኝ። ለዚህ በፊዚክስ መጽሐፋችን ውስጥ መልስ የለም፤ ጨረቃይቱ እንደ ልማዷ ትዙር።

የቀረው ሽንኩርት ነው። ዶሮዋ 12 ብልት ብቻ ናት፤ ሽንኩርቷ ግን ቁጥር የለውም። ሽንኩርት ሲከተፍ በውስጡ ካለው ድኝ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንም ጋዙን አጥቦ ለማስወጣት እንባ ያፈሳል። ለዚህ ሁለት ፕላን አለኝ። አንደኛው፥ በየማድ ቤቱ እንደ አውሮፕላን ሞተር ያለ ማራገቢያ ተክለን ጋዙን ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ መንፋት ነው፤ እነርሱ ሲያለቅሱ ይዋሉ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እስካሁን ከተናገርሁት ሁሉ ይልቅ ለማመን የሚያስቸግር ነው፦ ወንዶች ልጆች እንክተፍ።

አትሳቁ። የገና ዋዜማ በየቤታችን ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ወንድም ሳሎን ተቀምጦ ለፈተና ያነባል፤ እኅት ማድ ቤት ሆና እስከ እኩለ ሌሊት ትከትፋለች። ፈተናው ግን የሁለቱም ነው፤ ለእርሷ ሽንኩርት ከትፋለች ተብሎ አንድ ጥያቄ አይቀነስላትም።

ለገመዱም ለሞተሩም መንግሥት እስኪያስብበት እንጠብቃለን። ለዚህኛው የሚያስፈልገው ግን ቢላዋ ብቻ ስለሆነ፥ የፈቃደኞች መመዝገቢያ ወረቀት በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጥፌያለሁ። አንደኛው ስም የእኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳየው ሁለተኛው መስመር ገና ባዶ ነበር።