ስለ ነባር ሕዝቦች ቀን፤ ያልፋል ወይስ አያልፍም?
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ በሰጣችሁን መመሪያ መሠረት፣ ስለ ነባር ሕዝቦች ቀን የቀረበልንን ደብዳቤ መርምረን አስተያየታችንን ይዘን ቀርበናል። ደብዳቤው ለኮንግረስ የሚላክ ሲሆን፣ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ሁለተኛ ሰኞ የሚውለው የኮሎምበስ ቀን ስሙ ተለውጦ የነባር ሕዝቦች ቀን እንዲባል ይጠይቃል። በስብሰባው ላይ ሁለት ዓይነት ሐሳብ መነሣቱ ይታወሳል። ገሚሱ "ተገቢ ነው፣ እንፈርም" ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ "ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች አያሳልፉትም" ብሏል። ዛሬ በዋነኛነት የምንናገረው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት "የኢትዮጵያ" ካላልን በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ነባር ሕዝቦች የምንላቸው በድሮ መጻሕፍት ቀይ ሕንዶች ይባሉ የነበሩትን ነው። ኮሎምበስ ኦክቶበር 12 ቀን 1492 ባሐማስ ደሴቶች ሲደርስ እነርሱ እዚያው ነበሩ። ዛሬ የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት በይፋ የሚያውቃቸው ነገዶች ከ570 በላይ ናቸው። ሁሉም የአገሪቱ ዜጎች ናቸው ተብሎ በሕግ የተደነገገው ግን በ1924 ነው። ልብ በሉ፣ በገዛ አገራቸው! ነገሩ የሩቅም አይደለም። አናኮስቲያ የምንለው ወንዝ ስሙን ያገኘው በዳርቻው ይኖሩ ከነበሩት ከናኮችታንክ ሰዎች ነው። እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድም የፒስካታዌይ ሕዝብ አለ፤ ስቴቱ በይፋ ዕውቅና የሰጣቸው በ2012 ነው። ከመካከላችን ብዙዎች የዜግነት ወረቀታቸውን ከዚያ በፊት ተቀብለዋል።

የኮሎምበስ ቀንስ ከየት መጣ? ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሚቃወሙት ሰዎች ሁሉ ክፉዎች ናቸው ብለን ከተነሣን የፖለቲካውን ሒሳብ እንስተዋለን። በ1891 በኒው ኦርሊንስ ከተማ 11 ጣሊያናውያን ስደተኞች በሕዝብ ሁከት ተገደሉ። በማግሥቱ ዓመት፣ ኮሎምበስ የደረሰበት 400ኛ ዓመት ሲከበር፣ ፕሬዚዳንት ሃሪሰን ቀኑ በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲታሰብ ጥሪ አደረጉ። እንደ ሌባና እንደ ወንበዴ ይታዩ ለነበሩት ጣሊያናውያን ያ ቀን "እኛም የዚህ አገር ሰዎች ነን" የሚሉበት ሆነላቸው። ኮንግረስ በ1968 ባወጣው ሕግ ከ1971 ጀምሮ ዛሬ የምናውቀው ሰኞ ሆነ። እንግዲህ በዓሉ በራሱ የስደተኞች በዓል ነበረ ማለት ነው፤ እኛም ስደተኞች ነንና ስሜቱ ሊገባን ይገባል። በነገራችን ላይ፣ ባለፈው ስብሰባ "ጣሊያንን የሚያናድድ ከሆነማ አሁኑኑ እንፈርም" ያላችሁ ነበራችሁ። ሣቁን ወደነዋል፤ ነገር ግን ይህ ከዐድዋና ከማይጨው ሒሳብ ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ ሰውዬውም ቢሆን የጄኖዋ ተወላጅ ሆኖ የተጓዘው ለእስፓኝ ንጉሥና ንግሥት ነው።

"የአንድ ቀን ስም ምን ያደርጋል?" ለሚሉ ደግሞ ከአገራችን አንድ ነገር እናስታውስ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊም ወገኖቻችን፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው፣ ሰልፍ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የእስልምና በዓላት እንደ ገናና እንደ ፋሲካ የአገር በዓል ይሁኑ የሚል ነበር። በዓሉንማ በየቤታቸው ያከብሩት ነበር፤ ማንም አልከለከላቸውም። የጠየቁት "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" ከመባል "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" ወደ መባል መሻገርን ነው። ለውጡ ከመጣ በኋላ በዓላቱ በይፋ ዕውቅና አገኙ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ ሲለዋወጥ እነርሱ አልተነሡም። በአንጻሩ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ልደት ሐምሌ 16ና ዘውድ የጫኑበት ጥቅምት 23 ከንጉሡ ጋር ሄዱ፤ መስከረም 2 ቀን መጥቶ በ17 ዓመቱ እርሱም ሄደ። እድሜ የሰጠው ሰው ስንቱን ሰልፍ አየ! የሰዉን ልብ የያዘ በዓል ይቆያል፤ በሹም ስም የቆመ ግን ከሹሙ ጋር ይወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እዚህ ላይ አንድ የቃል ወጥመድ አለ። በእኛ አገር "አዋጅ" ሲባል ሕግ ማለት ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ከወጣ አለቀ። በዚህ አገር ፕሬዚዳንቱ ስለ አንድ ቀን የሚያወጡት አዋጅ ግን ሕግ አይደለም፣ ጥሪና መግለጫ ነው። ፕሬዚዳንት ባይደን በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የነባር ሕዝቦች ቀንን የሚያስታውስ አዋጅ አወጡ፤ እስከ 2024ም በየዓመቱ ደገሙት። ያን ጊዜ ብዙ ሰው "ጉዳዩ አለቀ" ብሎ ነበር። በ2025 ኦክቶበር ፕሬዚዳንት ትራምፕ የኮሎምበስን ብቻ አውጀው የሌላውን ስም ሳያነሡ ቀሩ። ማንም ሕግ አልጣሰም፤ የተጻፈ ሕግ አልነበረማ።

ከአዋጁ ከፍ የሚለው የምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ ከዓይነቶቹም ሁለቱን እንይ። አንደኛው አንድ ምክር ቤት ብቻውን ድምፅ ሰጥቶበት "እናከብራለን፣ እንደግፋለን" የሚልበት ነው። ፕሬዚዳንቱ አይፈርምበትም፣ የሕግ ኃይልም የለውም። እርሱም ቢሆን እንደምናስበው ቀላል አይደለም። የተወካዮች ምክር ቤት ከ1995 ጀምሮ ቀን እየሰየሙ የሚቀርቡ የመታሰቢያ ረቂቆችን በደንቡ ከልክሏል። በዚህም የተነሣ አርቃቂዎቹ "ይሰየም" በማለት ፈንታ "መሰየሙን እንደግፋለን" እያሉ በቃል ያመልጣሉ። በሴኔት ደግሞ እንዲህ ያለው ወረቀት የሚያልፈው ተቃዋሚ ሲጠፋ ነው፤ አንድ ሴናተር "አልስማማም" ካለ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል፣ እዚያም ይተኛል።

ሁለተኛው የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ ነው። ይህ ፕሬዚዳንቱ ሲፈርምበት እንደ ሕግ ይሆናል። ደግሞ ለነባር ሕዝቦች ከዚህ በፊት ተደርጎ ያውቃል! በ2009 ኮንግረስ ከምስጋና ቀን ማግሥት ያለው ዓርብ የነባር አሜሪካውያን ቅርስ ቀን እንዲሆን በጋራ ውሳኔ አጽድቆ ፕሬዚዳንት ኦባማ ፈርመውበታል። እስቲ ከእናንተ መካከል ይህን ያውቅ የነበረ እጁን ያውጣ። እኛም ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ ነው ያገኘነው። ያለፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚዘጋ መሥሪያ ቤት የለም፣ የሚከፈል ገንዘብ የለም፣ የሚነሣ ስም የለም። ቀኑም አገር በሙሉ በቅናሽ ዋጋ ገበያ የሚራኮትበት ቀን ነው። በሱቅ የምትሠሩ ወገኖቻችን ያን ዓርብ እንዴት እንደምትውሉት እናንተው ታውቃላችሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው የስም ለውጥ ሕግ ነው። በ2021 ወይዘሮ ኖርማ ቶረስ በተወካዮች ምክር ቤት፣ አቶ ማርቲን ሃይንሪክ በሴኔት፣ በሕጉ ላይ ያለው "የኮሎምበስ ቀን" የሚለው ቃል "የነባር ሕዝቦች ቀን" በሚል እንዲተካ ረቂቅ አቀረቡ። ልብ በሉ፣ አዲስ የዕረፍት ቀን አይጨምርም፤ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ያም ሆኖ ከኮሚቴ አልወጣም። ያን ጊዜ ደግሞ ዴሞክራቶቹ ሁለቱንም ምክር ቤቶችና ፕሬዚዳንትነቱን ይዘው ነበር።

ይህን ከሌሎቹ ጋር እናነጻጽረው። የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ረቂቅ መጀመሪያ የቀረበው እርሳቸው በተገደሉ በአራተኛው ቀን፣ በ1968 ነው። "ወጪው ብዙ ነው" እየተባለ ሲገፋ ኖሮ በ1983 በተወካዮች ምክር ቤት 338 ለ90፣ በሴኔት 78 ለ22 አለፈ። 15 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። የባርነት ማክተሚያ መታሰቢያ የሆነው ጁንቲንዝ ደግሞ በ2021 ሴኔቱ ያለ ተቃውሞ፣ ተወካዮቹ 415 ለ14 አሳለፉት። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፣ መሥሪያ ቤት ያዘጋሉ፤ ነገር ግን የማንንም ስም አላነሡም። የነባር ሕዝቦች ቀን ገንዘብ አያስወጣም፣ ስም ግን ያነሣል። እኛ የተረዳነው ይህንን ነው፤ ለፖለቲከኛ ከገንዘብ ይልቅ የተቀመጠን ስም ማንሣት ይከብደዋል፤ ስሙ የሚነሣበት ወገን መራጭ ነውና።

በየስቴቱ ሲታይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ደቡብ ዳኮታ በ1990 ስሙን በሕግ ሲለውጥ አገረ ገዥው ሪፐብሊካኑ ሚክልሰን ነበሩ። በኦክላሆማ በ2018 አገረ ገዥዋ ፋሊን ረቂቁን ሳይቀበሉ መለሱት፤ በማግሥቱ ዓመት የተተኩት ስቲት ፈረሙበት፤ ሁለቱም ሪፐብሊካን ናቸው፣ ስቲት የቼሮኪ ነገድ አባል ናቸው። ኔብራስካ ሁለቱን ስሞች በአንድ ቀን ላይ አስቀምጣ ተገላገለች። ሜይን፣ ቨርሞንትና ኒው ሜክሲኮ በ2019 ኮሎምበስን ጨርሰው በነባር ሕዝቦች ተኩ። ጎረቤታችን የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ለውጦታል፤ የከተማዋ መደበኛ ሕግ በኮንግረስ ፊት ማለፍ ስላለበት ይህ የማያስፈልገውን፣ ለ90 ቀን ብቻ የሚጸናውን የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ተጠቅሞ ነው። ብልሃት ናት! እንግዲህ ዳኮታና ኦክላሆማ ያሳለፉት ነገር የአንድ ፓርቲ ጉዳይ ነው ማለት አይቻልም። ነባር ሕዝቦቹ በርከት ብለው በሚኖሩበትና ድምፃቸው በሚፈለግበት ቦታ ያልፋል።

በመሆኑም ግምታችን ይህ ነው። በ2025 በተከፈተው፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሪፐብሊካኖች በተያዙበት 119ኛው ኮንግረስ የስም ለውጡ ሕግ ይሆናል ብለን አንጠብቅም። ወደፊት የምክር ቤቱ መንበር ቢለዋወጥም እንኳ በሴኔት ክርክር ለመዝጋት 60 ድምፅ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ድምፅ በቅርቡ አይታየንም። አንድ ምክር ቤት ብቻውን የሚያወጣው የምስጋና ወረቀት ሊያልፍ ይችል ይሆናል። በዚህ ላይ በኮሚቴው ውስጥ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን "ካለመኖር ይሻላል" ብለዋል። አብላጫው ግን ያ ዓይነቱ ወረቀት በ2009 ተሰጥቷል፣ ደግመን መለመን ለሰጪዎቹ "እኛ የበኩላችንን አድርገናል" የሚሉበትን ሰበብ መስጠት ነው በማለት አልተቀበለውም።

ስለዚህ ደብዳቤውን እንፈርም፤ ነገር ግን አድራሻው ይለወጥ እንላለን። ለኮንግረስ ሳይሆን ለአናፖሊስ፣ ለሜሪላንድ ጠቅላላ ጉባኤ ይሁን። ሜሪላንድ የነባር ሕዝቦችን ቅርስ ቀን በ2008 በሕግ አውጥታለች፤ ያችን ዓርብ የስቴቱ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። የኦክቶበሩ ሰኞ ግን እስከ 2025 ድረስ በስቴቱ ሕግ የኮሎምበስ ቀን እንደተባለ ነው። የጉባኤው 141 ተወካዮችና 47 ሴናተሮች የሚሰበሰቡት ከጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ጀምሮ ለ90 ቀን ብቻ ነው። ከሰፈራችን የተመረጡት ተወካዮች ለምርጫ ሲመጡ በራችንን ያንኳኳሉ፣ ቡናችንን ጠጥተው ይሄዳሉ፤ ፊታቸውን የምናውቃቸው እነርሱን ነው። ደብዳቤው "ዕውቅና ይሰጥ" የሚለውን ትቶ "በሕግ ይለወጥ" ይበል። ረቂቅ ሕግ በኮሚቴ ሲታይ ደግሞ ነዋሪ ራሱ ቀርቦ ወይም በጽሑፍ መመስከር ይችላል፤ ለዚህ ዜግነት አይጠየቅም። ከሁሉ በፊት ግን የፒስካታዌይ ወገኖች ደብዳቤውን አይተው የሚጨምሩትና የሚቀንሱት ካለ እንዲነግሩን ሁለት ሰዎች ይላኩ። የእነርሱ ቀን ነው፣ በእነርሱ ፋንታ ቃል መምረጥ አይገባንም።

የተስተካከለው ደብዳቤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በሥራ ምክንያት በቀን መምጣት የማትችሉ ታክሲ ነጂዎችና የሌሊት ተረኞች ቅዳሜና እሑድ እስከ ምሽት ክፍት ስለሆነ መጥታችሁ አንብቡት። ያልተስማማችሁበት ቃል ካለ ከሥሩ አስምራችሁ አስተያየታችሁን በጠርዙ ላይ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ የምንሰጠው እርሱን ይዘን ነው።