ልጁ በቤተሰብ፣ ስሙ በመዝገብ



ቅድም የሶሻል ወርክ ተመራቂዎች ስም ሲጠራ ወላጆች ከየወንበራችሁ እየተነሳችሁ እልል ስትሉ አየሁ። ሰው ስሙ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ተጠርቶ «የእኔ ነው» ብሎ የሚነሳለት ሲያገኝ ምን ያህል ባለጸጋ እንደሆነ በዚህ አዳራሽ አሳይታችሁናል። እኔ የመጣሁት ስማቸው ሲጠራ የሚነሳላቸውን ሰው ጦርነት ስለነጠቃቸው ልጆች ልናገር ነው። እነዚህን ልጆች ከነገ ጀምሮ የምታገኟቸው እናንተ ተመራቂዎች ናችሁና።

ለዓመታት የሠራሁት በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች፣ ከቤተሰባቸው ከተለዩ ልጆች ጋር ነው። ከዚያ ሥራ ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። ጦርነት ከወላጁ የለየው ልጅ ከምግቡና ከብርድ ልብሱ ጋር ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ የሚያሳድገው ቤተሰብ፣ ማንነቱን የያዘ መዝገብ፣ እየተመላለሰ የሚጠይቀው ሰው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሁለቱ ልጁን ሊጠብቁት አይችሉም። ይህን የምለው ጋምቤላ ራሷ ስላስተማረችን ነው።

በ1980 ዓ.ም. በደቡባዊ ሱዳን በጦርነት መንደሮች ሲቃጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሳምንታትንና ወራትን በእግራቸው ተጉዘው አገራችን ገቡ። ቁጥራቸው እስከ 20,000 ይገመታል። በረሃብ፣ በውሃ ጥምና በአውሬ መንገድ ላይ የቀሩትን የቆጠረ የለም። የደረሱት በፑኝዶ፣ በኢታንግና በዲማ መጠለያዎች ተቀመጡ። ወንዶቹ በቡድን በቡድን ተከፍለው ለብቻቸው እንዲኖሩ ተደረገ። እህል ቀረበላቸው፤ ከዛፍ ጥላ ሥርም ትምህርት ተጀመረላቸው። ነገር ግን ወላጅ በሌለበት በአንድ ስፍራ የተሰበሰበ ወንድ ልጅ ለታጣቂ ቅርብ ነው። በወቅቱ በአካባቢው የነበረው የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹን ለወታደርነት አሠለጠነ፤ ጠመንጃ አስይዞ ወደ ውጊያ የላካቸውም ነበሩ። ዳቦ የሰጣቸው ብዙ ነበር፤ ከጦር መልማዩ ፊት ቆሞ «ይህ ልጄ ነው፣ አልሰጥም» የሚል ግን አልነበራቸውም።

ሴቶቹስ? ሴቶቹ ልጆች በአካባቢው ባህል መሠረት በየቤተሰቡ ተጠጉ። ነገሩ ሲታይ ከወንዶቹ ዕጣ ይሻላል። ዳሩ ግን ማን ከማን ጋር እንደገባች በወጉ የመዘገበ አልነበረም፤ ከገባችም በኋላ እንዴት ሆንሽ ብሎ የጠየቃት ጥቂት ነው። ብዙዎቹ እንጨት ለቃሚና ውሃ ቀጂ ሆነው ቀሩ፤ ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ ለጥሎሽ ከብት የተዳሩም አሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ስደተኞቹ መጠለያዎቹን ጥለው ሸሹ። የሞላውን የጊሎ ወንዝ ሲሻገሩ ስንቱ ልጅ በውሃው፣ በአዞና በጥይት አለቀ። የተረፉት ተንከራተው በ1984 ዓ.ም. ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከመካከላቸው ወደ 3,800 የሚጠጉት አሜሪካ እንዲሰፍሩ ሲደረግ፣ ከተወሰዱት ውስጥ ሴቶቹ መቶ አይሞሉም ነበር። ብቻቸውን የመጡ ልጆች ሆነው በመዝገብ አልታወቁምና ዕድሉ ሲመጣ የጠራቸው አልነበረም።

ተመራቂዎች፣ ሁለቱን አስተያዩአቸው። ወንዶቹ ተቆጥረው ቤተሰብ አጡ፤ ሴቶቹ ቤተሰብ አግኝተው ከመዝገብ ጠፉ። ሁለቱም ተጎዱ።

በሩዋንዳም ከ1986ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ ከ100,000 በላይ ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው ነበር። ለእነሱ ተብለው የተከፈቱ ማዕከላት በስደተኞች ድንኳን ከሚገኘው የተሻለ ምግብና ሕክምና ይሰጡ ስለነበር፣ የሚያበላው ያጣ ወላጅ ልጁን ወስዶ እዚያው በር ላይ የሚተውበት ጊዜ መጣ። ለልጅ የታሰበው እርዳታ ልጅን ከእናቱ ይለይ ጀመር። ስለዚህ አስቀድሞ መደገፍ ያለበት ልጁን ያቀፈው ቤት ነው። አያቲቱ፣ አክስቲቱ፣ ራሷ ስደተኛ ሆና የሰው ልጅ የተቀበለችው ጎረቤት በራሽኗም በመጠለያዋም ካልተደገፈች፣ እቅፏ ይዝላል።

ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ያ የጥንት መንገድ ዳግም በልጆች ተሞላ። በፓጋክ፣ በቡርቢዬና በአኮቦ በኩል ጋምቤላ ከገቡት ስደተኞች ከ10 ሰው 9ኙ ያህል ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ጊዜ ግን ከፑኝዶ የተማረ ሥራ ጠበቃቸው። ሥራው የሚጀምረው ድንበር ላይ ነው። ልጁ ውሃ ጠጥቶ፣ እህል ቀምሶ አረፍ ካለ በኋላ፣ ቋንቋውን የሚናገር ሠራተኛ ከሕዝብ ፊት ገለል አድርጎ አጠገቡ ይቀመጣል። ስምህ ማነው? አባትህስ? አያትህስ? በዚህ ከእኛ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ስማቸው ከአባትና ከአያት ስም ጋር ይያያዛል፤ ብዙ የኑዌር ልጆችም የዘር ሐረጋቸውን ወደ ላይ መቁጠር በልጅነታቸው ይማራሉ። እናትህ ማን ትባላለች? መንደራችሁ የትኛው ወንዝ ዳር ነው? የትኛው ቤተ ክርስቲያን ትሄዱ ነበር? እናትህን ለመጨረሻ ጊዜ የት አየሃት፣ ከማንስ ጋር ነበረች?

አፉን ያልፈታ ሕፃን ከሆነ ይዞት የመጣው ሰው ይጠየቃል፤ ፎቶ ይነሳል፤ የለበሰው ልብስና አንገቱ ላይ ያለው ጨሌ ሳይቀር ይጻፋል። በደግነት አዲስ ልብስ አልብሰን አሮጌውን ስንጥለው፣ እናቱ የምታውቅበትን ምልክት አብረን እንዳንጥል እንጠንቀቅ። ወንድምና እህትን አትለያዩ። «እናትህ ነገ ትመጣለች» ብላችሁም ቃል አትግቡ፤ የምታውቁትን ብቻ ንገሩት። የተሰበረ ልብ ዳግም በውሸት ሲሰበር ለመጠገን ይከብዳል።

ከዚያ ፍለጋው ይቀጥላል። ቀይ መስቀል ታሽጎ የማይላክ፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የያዘ መልእክት ከመጠለያ መጠለያ ያደርሳል፤ ስልክ ያስደውላል፤ የልጆችን ፎቶ ለፈላጊ ያሳያል። እናትና ልጅ በአንድ ክልል፣ በተለያየ መጠለያ፣ አንዳቸው ሌላውን ሞቷል ብለው ለወራት ሲኖሩ አይተናል። «እናቱ ነኝ» የምትል ሴት ስትገኝም ልጁና እሷ ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ መልሳቸው ይመሳከራል። ይህ ጥንቃቄ ለእውነተኛዋ እናት ጭካኔ ይመስላል፤ በልጆች ለሚነግዱ ግን በር መዝጊያ ነው።

እስከዚያው ልጁ ከዘመድ ወይም ከአገሩ ሰዎች መካከል፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተመክሮበት በተመረጠ አደራ ቤተሰብ ይቆያል። እዚህ ላይ ነው የእናንተ እግር የሚፈለገው። ቤቱን አንኳኩ። ትምህርት ቤት ይሄዳል? ከቤቱ ልጆች ጋር እኩል ይበላል? ልጅቷ የምትተኛው የት ነው? ውሃ የምትቀዳው እሷ ብቻ ናት? ለብቻዋ አነጋግሯት። በሚቀጥለው ወርም ተመለሱ። ይህ ጉብኝት ፎቶ የሚያምርበት፣ ለጋሽ በሪፖርት የሚደነቅበት ሥራ አይደለም። በጀት ሲቀነስ ቀድሞ የሚቆረጠውም እሱ ነው። እዚህ ያላችሁ የመንግሥትና የተራድኦ ድርጅት ኃላፊዎች፣ እባካችሁ የጉብኝቱን በጀት እንደ ዱቄቱና እንደ መድኃኒቱ አጥብቃችሁ ጠብቁት።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጅ ስም የማግኘት፣ ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ማንነቱ፣ ስሙና የቤተሰብ ትስስሩ እንዲጠበቅለት፣ ስደተኛ ሲሆንም ቤተሰቡ እንዲፈለግለት ያዛል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው ልጆች ከፑኝዶ በሸሹበት በዚያው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አገራችን የስደተኞችን ልደት፣ ጋብቻና ሞት በወሳኝ ኩነት መዝገብ ትመዘግባለች። በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ስንከለክልም፣ ልጆቻችንን እኛው እናሳድጋለን ብለን ቃል ገብተናል። ቃሉን በየቀበሌው የምታስፈጽሙት እናንተ ናችሁ።

ሥራውም ጋምቤላ ብቻ አይደለም የሚጠብቃችሁ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች በመተማና በኩርሙክ ገብተዋል። የራሳችን ጦርነቶች ያፈናቀሏቸው ልጆችም በመቀሌ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ከተሞች በየመጠለያው ዓመታት ገፍተዋል። ልጁ ከየትም ይምጣ፣ የአባቱ ወገን የትኛውም ይሁን፣ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ ማነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ማን ይፈልግሃል? «የማን ወገን ነህ» የሚለውን ለሌላ ተዉት።

ይህ ሥራ የሚጀምረው ከርኅራኄ ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው፣ በረሃብ ከወደቁት መካከል ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ የገቡት ዲግሪ ይዘው አልነበረም። ርኅራኄያቸው በጊዜ ብዛት ለስንት ሺህ ሕፃናት የደረሰ ድርጅት ሆነ። ያ ልብ በእናንተም አለ፤ ባይኖር ይህን ሙያ አትመርጡም ነበር። ዛሬ በዚያ ልብ ላይ ዕውቀት ተጨምሮላችኋል። እንግዲህ ልጁን ቤተሰብ ውስጥ አኑሩት፤ ስሙን ጻፉለት፤ ተመልሳችሁም ጠይቁት። ሦስቱንም፣ ሳታጓድሉ።

እጃችሁ የነካው ይባረክ፤ የጀመራችሁት ይሙላ፤ ደጃችሁ ጠያቂ አይጣ። አገራችንንና ጎረቤቶቻችንን ሰላም ያድርግልን። እንኳን ደስ አላችሁ!