ቫይረሱ የሚገባበት በር፦ የቫይረስ በሽታን የሚቋቋሙ የቤት እንስሳትን በዘረመል ምህንድስና ስለ ማዘጋጀት



ባለፈው ዓመት ስለ ዶሮ በሽታዎች ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «በየጊዜው ክትባት ይዘን ፈንግልን ከምናሳድድ፣ ዶሮዋን ራሷን ፈንግል የማይዛት አድርገን ብንፈጥራት አይሻልም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። የክፍለ ጊዜው ማብቂያ ደርሶ ስለ ነበር በጥቂት ቃላት መልሼላት ወጣሁ። መልሴ ያልበሰለ እንደ ነበረ የተረዳሁት ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። የዛሬው ንግግሬ ለእርሷ የዘገየ መልስ ነው።

ጥያቄዋ ከእውነታ የራቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ አንድ የቫይረስ በሽታ እንዳይዛቸው ዘረመላቸው የታረመ አሳማዎች ለምግብነት እንዲውሉ ፈቅዷል። አሳማ በአገራችን የብዙ ሰው ሀብት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በዚህ ሙያ እስካሁን ከታዩት ውጤቶች ሁሉ የተሳካው በእርሱ ላይ ስለ ሆነ ከእርሱ እንድጀምር ፍቀዱልኝ።

በሽታው የአሳማ የመራቢያና የመተንፈሻ አካላት በሽታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በአውሮፓ ሲነሣ ምክንያቱ ስላልታወቀ «ምስጢራዊው የአሳማ በሽታ» ይሉት ነበር። ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 በኔዘርላንድስ፣ ሌሊስታድ በተባለች ከተማ ነው። እርጉዞቹ ይጨነግፋሉ፤ ግልገሎቹ ትንፋሽ እያጠራቸው ይሞታሉ። ክትባት አለው፤ ነገር ግን ቫይረሱ መልኩን ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋውጥ የትናንቱ ክትባት የዛሬውን ቫይረስ በሚገባ አይመክትም። የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በሽታው በአሜሪካ ብቻ በዓመት ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ እንደሚያደርስ ገምተዋል። የክትባቱን ደካማነት በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማንኛውም ቫይረስ ራሱን ችሎ አይራባም። ወደ ሕዋስ መግባት፣ ከገባም በኋላ የሕዋሱን መሣሪያዎች ተውሶ ራሱን ማባዛት አለበት። ይህ የአሳማ ቫይረስ የሚገባው ማክሮፋጅ ወደሚባሉት፣ ተህዋስያንንና ያረጁ ሕዋሳትን እየዋጡ ሰውነትን ወደሚያጸዱት የመከላከያ ሕዋሳት ነው። በእነዚህ ሕዋሳት ገጽ ላይ ሲዲ163 የተባለ ፕሮቲን አለ። ቅርጹ በክር ላይ እንደ ተሰካ ጨሌ ነው፤ ዘጠኝ ክፍሎች ተከታትለው ይገኙበታል። ከዘጠኙ ቫይረሱ የሚፈልገው አምስተኛውን ነው። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ለእንስሳው ለራሱ ሥራ አለው፤ ከፈረሱ ቀይ የደም ሕዋሳት የወጣውን ሄሞግሎቢን ይዞ ያስወግዳል።

የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሪስፐር በተባለው፣ ዘረመልን በተፈለገው ስፍራ ለይቶ በሚቆርጠው ዘዴ ተጠቅመው ይህ ፕሮቲን ጨርሶ የሌላቸውን አሳማዎች አስገኙ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ይፋ ሲያደርጉ፣ የታረሙትና ያልታረሙት በአንድ በረት ሆነው ቫይረሱ ቢሰጣቸው ያልታረሙት ታመሙ፤ የታረሙት ግን ምንም አልሆኑም። ዶሊ የተባለችው በግ የተወለደችበት፣ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሮዝሊን ተቋም ደግሞ ከዚህ ረቀቅ ያለ ሥራ ሠራ። ከዘጠኙ ጨሌዎች አምስተኛውን ብቻ አውጥቶ ስምንቱን ተዋቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ታየው የእነዚህ አሳማዎች ማክሮፋጆች ቫይረሱን አያስገቡም፤ ሄሞግሎቢን የማስወገድ ሥራቸው ግን አልተጓደለም።

ሊቃውንቱን እያመሰገንኩ እዚህ ላይ ዕድልንም መጥቀስ አለብኝ። ቫይረሱ የሚጠቀምበት በር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ያም በር ለቤቱ ባለቤት የማያስፈልግ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ነገሮች አብረው የሚገጥሙበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ለምሳሌ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የተባለው ቫይረስ የቤት አሳማን ሲፈጅ ከርከሮን አያሳምመውም። በአንድ ሬላ በተባለ ዘረመል ላይ በሁለቱ መካከል ልዩነት ስለ ተገኘ፣ የከርከሮው ዓይነት ቅጂ ያላቸው የቤት አሳማዎች ተዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሙከራ አሳማዎቹ እንደ ሌሎቹ ታመሙ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ተፈጥሮ ግን አልተስማማችበትም።

አሁን ወደ ዶሮ ልምጣ፤ ለዛሬው ጉዳይ ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነውና።

የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ከሕዋሱ ውስጥ ራሱን ለማባዛት ኤኤንፒ32ኤ የተባለ የዶሮዋን ፕሮቲን እንደ ረዳት ይጠቀማል። የሮዝሊን ተቋም፣ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅና የፐርብራይት ተቋም ተመራማሪዎች በዚህ ፕሮቲን ላይ ሁለት አሚኖ አሲዶችን ብቻ ለወጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ውጤት እንዲህ ነበር፦ በተፈጥሮ ሊያጋጥም በሚችል መጠን ቫይረሱ ሲሰጣቸው ከአሥሩ የታረሙ ዶሮዎች ዘጠኙ አልተያዙም። መጠኑ አንድ ሺህ እጥፍ ሲደረግ ግን ከአሥሩ አምስቱ ተያዙ። ከተያዙት የተገኘው ቫይረስ ሲመረመር ተለውጦ ነበር። የታረመውን ረዳት መጠቀም ከመጀመሩም በላይ፣ ከዚህ በፊት እምብዛም የማይፈልጋቸውን ሁለት ዘመድ ፕሮቲኖችም መጠቀም ችሎ ነበር።

የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዞ «ዘጠና በመቶ ተሳካ» ብሎ መመለስ ይቻል ነበር። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው መጠኑን ከፍ አድርገው የሥራቸውን ስንጥቅ ፈለጉ፤ ሲያገኙትም አልሸሸጉትም። እኔ ከጽሑፉ ሁሉ የማከብረው ይህን ነው። ሦስቱንም ፕሮቲኖች ከሕዋሳት ላይ በአንድ ጊዜ ሲያጠፏቸው ቫይረሱ መራባት አቅቶታል፤ ነገር ግን ይህ የተደረገው በቤተ ሙከራ ባደገ ሕዋስ ላይ እንጂ ፈልፍላ ጥሬ በምትለቅም ዶሮ ላይ አይደለም።

«በሽታን ይቋቋማል» የሚለው አነጋገር የሚያደናግረን በዚህ ምክንያት ነው። አንድ እንስሳ ቫይረሱ ይዞት ሳለ ላይታመም ይችላል፤ ታሞም ቶሎ ሊያገግም ይችላል፤ ወይም ቫይረሱ ጨርሶ ላይራባበት ይችላል። ለገበሬው ሦስቱም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ እንስሳው ቆሞ ይሄዳል። ለጎረቤቱ መንጋ ግን ልዩነታቸው የትየለሌ ነው። ሳይታመም ቫይረስ የሚረጭ እንስሳ፣ ታሞ በመተኛቱ ከሚለየው እንስሳ ይልቅ ያሰጋል። በሩ በከፊል የተዘጋበት መንጋ ደግሞ ለቫይረሱ ትምህርት ቤት ይሆንለታል። የወፍ ጉንፋን ሰውንም የሚይዝ መሆኑን ስታስቡ፣ ግማሽ ውጤት ከምንም ይሻላል የሚለው የተለመደ ሐሳባችን እዚህ ለምን እንደማይሠራ ይገባችኋል።

ስለ ከብትም አንድ ቃል ልበል። በአሜሪካ ሲዲ46 የተባለው ፕሮቲን ስድስት አሚኖ አሲዶቹ የተለወጡበት የጊር ዝርያ ጥጃ እ.ኤ.አ. በ2021 ተወልዳ፣ የከብት የቫይረስ ተቅማጥ ካለበት ጥጃ ጋር ለአንድ ሳምንት ብትቆይም በእጅጉ ተጠብቃለች። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥጃ ናት።

ከቤተ ሙከራ ወጥተን ወደ መንደር ስንገባ ሌላ ችግር ይጠብቀናል፤ እርሱም ከሜንዴል ጀምሮ የታወቀ ነው። እንስሳ ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ የዘረመል ቅጂ ይወርሳል። የሲዲ163 በር የሚዘጋው ሁለቱም ቅጂዎች የታረሙ ሲሆኑ ነው። አንዱ ያልታረመ ከሆነ ሕዋሱ በሩን ይሠራል፤ ቫይረሱም ይገባል። ስለዚህ የታረመ አባትና ያልታረመች እናት ቢገናኙ ከልጆቻቸው አንዱም አይጠበቅም። አሜሪካዊው አርቢ ድርጅት ይህ አያስጨንቀውም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በመዝገብ ያውቃል። በእኛ ዘንድ ግን ኮርማው የጋራ፣ አውራ ዶሮው የጎረቤት ነው። በብዙ ድካም የተገኘው ጥበቃ በአንድ ትውልድ ይሟሟል። ገበሬው ጥበቃውን እንዳያጣ ከፈለገ በየትውልዱ ወደ ዘር ሻጩ መመለስ ይኖርበታል። ይህ ግዴታ ከዘረመሉ አሠራር የሚመጣ እንጂ ማንም በውል የጻፈው አይደለም፤ ሆኖም ከውል ይልቅ ጠንክሮ ያስራል።

ስለ ክትባቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የከብት ደስታ የምንለው በሽታ (ስሙን ያወጣለት ሰው ምን አስቦ ይሆን?) በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን ከብት ዘጠና በመቶ ገደማ እንደ ፈጀና የክፉ ቀን ረኃብ እንዳስከተለ ታሪካችን ይመሰክራል። ይህ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም፤ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውጇል። ያጠፋው ዘረመሉ የታረመ ከብት አልነበረም። ኬንያ ውስጥ በሙጉጋ የተዘጋጀ፣ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለረጅም ዘመን የሚጠብቅ ክትባት ነበር። በኋላም ሙቀት የሚችል ዓይነቱ ሲገኝ፣ ማቀዝቀዣ በማይደርስበት በአፋር ምድር ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ተሸክመውት ዞሩ። ቫይረሱ መልኩን የማይለዋውጥ ስለ ነበር ክትባቱ አልሳተውም። የአሳማው ቫይረስ ግን ክትባቱን እየሳተ ነው ሰዎቹን ወደ ዘረመል ያስኬዳቸው። እኔ ገንዘብ መዳቢ ብሆን ስለ ማንኛውም በሽታ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ክትባቱ ያልሠራው ቫይረሱ ስላመለጠው ነው ወይስ እኛ ስላላደረስነው የሚለውን ነው።

እንግዲህ ፈንግል። የፈንግል ቫይረስ የሚይዘው በር ሲያሊክ አሲድ የተባለ፣ በዶሮዋ ሕዋሳት ገጽ ላይ በየስፍራው የሚገኝ ስኳር ነው። ይህን ከዶሮዋ ላይ ማንሣት እንደ ሲዲ163 የሚቀል አይደለም፤ ያለ እርሱ ዶሮ አትኖርም። በአንጻሩ የፈንግል ቫይረስ ከክትባት አንጻር አንድ ወገን ነው፤ ሙቀት የሚችል፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ክትባትም አለው። በጋናና በታንዛኒያ የአገር ዶሮዎች ላይ ደግሞ፣ በተፈጥሮ ፈንግልን የተሻለ የሚቋቋሙትን በዘረመላቸው ለይቶ ለማራባት ጥናት ተደርጓል። ያም ቢሆን ምርጫ ነው፤ አዲስ ዶሮ መሥራት አይደለም። ስለዚህ ለጊዜው መልሴ «አይቻልም፤ ቢቻልም ከክትባቱ አያስቀድመውም» የሚል ነው። ስለ ወፍ ጉንፋን ወይም ስለ አፍተግር ብትጠይቀኝ ኖሮ መልሴ ይህን ያህል አጭር አይሆንም ነበር፤ ክትባታቸው እንደ ፈንግል አይታመንምና።

ጠያቂዋ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ አያታለሁ። ጥያቄ መቀበሉን ከእርሷ ብጀምር ደስ ይለኛል።