ለጀማሪ ነጂ የሚስማማ ሞተር ሳይክል
(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የደጀን ገበሬ በሬ ሲገዛ አይቸኩልም። ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ አራምዶ ይመለከታል። ይኸው ገበሬ የዓመት ጤፉን ሸጦ የመጀመሪያ ሞተሩን ሲገዛ ግን ቀለሙንና ፍጥነቱን ብቻ አይቶ ሊወስን አይገባም። ለጋሚ በሬ እርሻ ያጓትታል፤ ያልተስማማ ሞተር ግን ነጂውን ይጥላል።

ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ «የቱ ይፈጥናል?» ሳይሆን «በየትኛው መንገድ ሊነዳ ነው?» የሚል ነው። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። እጅግ አነስተኛው ሞተር ሰውና ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ትልቁ ደግሞ ለጀማሪ ይከብዳል። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው።

ሁለተኛው ቁመትና ክብደት ነው። ጀማሪው ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መርገጥ፣ ሞተሩ ቢወድቅም ብቻውን ማንሳት መቻል አለበት። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት ከፍ ያሉ ሞተሮች ለኮረኮንች መንገድ ቢመቹም አጠር ያለን ጀማሪ ያስቸግራሉ።

ሦስተኛው ጭቃው ነው። በክረምት ዋልካው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ይይዘዋል። በመሆኑም ፓራፋንጎው ከጎማው ራቅ ያለ፣ ጎማውም ጥርሱ ጎላ ያለ ይመረጣል። ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 100 ካቴናው በሽፋን ውስጥ በመሆኑ ከጭቃ ይጠበቃል፤ ከፊትና ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው። ሆኖም ባለ 2 ምት ስለሆነ በቁልቁለት ጋዝ ሲለቀቅ ሞተሩ የሚሰጠው መያዣ ከባለ 4 ምት ያነሰ ነው።

ይህ ነጥብ ለደጀን ሰው ቀላል አይደለም። ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። መፍትሔው ፍሪሲዮን ሳይይዙ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው። ጀማሪ ግን በሜዳው መንገድ በሚገባ ሳይለማመድ ቁልቁለቱን መሞከር የለበትም።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከሞተሩ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጥ። የፍሬን ሸራ፣ ካቴናና ካንዴላ በቅርብ ከተማ መገኘታቸውን አስቀድሞ ይጠይቅ። ገንዘቡንም ሁሉ ለሞተሩ አያውል፤ ሄልሜት፣ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናና የሦስተኛ ወገን መድን የዋጋው አካል ናቸው።

መሠረታዊ ማኅበራትም ለሠራተኞቻቸው ሲገዙ አንድ ዓይነት ሞተር ቢመርጡ መለዋወጫውን መጋገዝ፣ መካኒኩንም በጋራ መጠቀም ይችላሉ። ከሁሉ በላይ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው ቁልፍ ሊሰጥ አይገባም። ሞተር ቢሰበር ይጠገናል፤ የቤቱ ምሰሶ የሆነው ልጅ ግን አይተካም።

መልካም በዓል!